የኤሌክትሪክ ሠረገላና ጋጣው

በቅሎ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ስለ ሣሯ፥ ስለ ጋጣዋና ስለ ጠባቂዋ ያስባል። ዛሬ በብዙ አገር ኩባንያዎች የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎቻቸውን እየተዉ የኤሌክትሪክ መኪና በሚገዙበት ጊዜ፥ ይህ የአባቶች ጥንቃቄ ለእነርሱም እንደሚያስፈልግ ታሪክ ይመሰክራል። ነገሩ ለብዙ ሰው ፍጹም ዐዲስ ቢመስለውም፥ የኤሌክትሪክ ሠረገላ ለኩባንያ ሥራ ከዋለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፥ የአገራችን መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1894 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ መሐንዲሱ ሄንሪ ሞሪስና የኬሚስትሪ ዐዋቂው ፔድሮ ሳሎም አንድ የኤሌክትሪክ ሠረገላ ሠሩ። በ1897 ደግሞ ዐሥራ ሁለት ያህል የኪራይ ሠረገላዎች በኒው ዮርክ ጐዳና ላይ አሰማሩ። ብልኀታቸው ግን በሠረገላው ብቻ አልነበረም። ባትሪው እጅግ ከባድ፥ ኀይል መሙላቱም ብዙ ሰዓት የሚወስድ ስለ ነበረ፥ ሠረገላው ወደ ጣቢያው በተመለሰ ጊዜ ያለቀው ባትሪ በማንሻ መሣሪያ ወጥቶ የተሞላው በጥቂት ደቂቃ ይተካለት ነበር። ሠረገላዎቹም ለግለሰብ የማይሸጡ፥ ከነነጂያቸው የሚከራዩ ስለ ነበሩ፥ ጥበቃቸው ከባለሙያ እጅ አልወጣም።

ከዚህ በኋላ ሥራው በባለገንዘቦች እጅ ገባ። በ1899 በዊልያም ዊትኒ የሚመሩ ሰዎች ኩባንያውን ይዘው በልዩ ልዩ ከተማ በሺሕ የሚቈጠሩ ሠረገላዎችን ለማሰማራት ተነሡ። ነገር ግን ገንዘቡ ዕውቀቱን ቀደመው፤ የሠረገላው ቍጥር ሲበዛ ባትሪውን የሚጠብቅ የሠለጠነ ሠራተኛ በዚያው ልክ አልተገኘም። ባትሪዎቹ ያለ ጊዜያቸው ተበላሹ፤ ቅርንጫፎቹም ተዘጉ፤ ኩባንያው በ1907 ከሰረ። በለንደንም በ1897 በዋልተር በርሲ የተጀመሩት የኪራይ ሠረገላዎች የጐዳናው ንውጥውጥታ ባትሪያቸውን፥ ክብደታቸውም ጐማቸውን ስለ ጐዳው፥ ከሁለት ዓመት በላይ አልቈዩም። የቤንዚን መኪና በበኩሉ እየተሻሻለ ሄደ፤ በ1912 የሞተር ማስነሻው በኤሌክትሪክ ሲሆን፥ በእጅ የማዞሩ ድካም ቀረለት።

ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና ፈጽሞ አልጠፋም። የብሪታንያ የወተት ኩባንያዎች ለሥራቸው ተስማሚ ሆኖ ስላገኙት፥ በ1960ዎቹ ዓመታት በአሥር ሺሕ የሚቈጠር የኤሌክትሪክ ጋሪ ወተት ያድል ነበር። ወተት አዳዩ መንገዱ አጭርና የታወቀ ነው፤ በየደጃፉ ይቆማል፤ በንጋትም የተኛውን ሰው አይቀሰቅስም፤ ሥራውን ሲጨርስ ወደ አንድ ግቢ ተመልሶ እስከ ማግሥቱ ኀይል ይሞላል። በኋላ ቍጥራቸው የቀነሰው ጋሪዎቹ ስለ ደከሙ አይደለም፤ ሕዝቡ ወተቱን ከመደብር ገዝቶ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ስለ ጀመረ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፥ ኤሌክትሪካችን ግን አብዛኛው ከወንዞቻችን የሚገኝ ስለ ሆነ፥ የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። ነገር ግን የመኪና ግዥ በእጁ ያለ ሹም ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው አለ። መኪናው በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ሌሊቱን የት ያድራል? የግቢው መስመር ሁሉንም ባንድነት ለመሙላት ይበቃልን? መብራት ሲቋረጥስ ምን ይደረጋል? ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው?

ለእነዚህ መልስ ያዘጋጀ መሥሪያ ቤት እንደ ወተት ኩባንያዎቹ ለብዙ ዘመን ይጠቀማል። ያላዘጋጀ ግን የ1899ኙን ስሕተት በሕዝብ ገንዘብ ይደግማል። ጋጣ የሌላት በቅሎ ምንም ብትሰግር ለባለቤቷ አትሰነብትም።