ስለ ጥንቱ ጎጆና ስለ ጥቂቱ ዕቃው

በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ባላገሩ ሲሠራው የኖረው ክብ ጎጆ፣ ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ፣ ክዳኑ ከሣር፣ ጣሪያውም በመካከል በቆመው ምሰሶ የተደገፈ ሆኖ፣ በመጀመሪያ ለገባበት እንግዳ ባዶ መስሎ ይታየው ነበር፤ ዓይኑ ጨለማውንና ጢሱን ሲለምድ ግን የቤቱ ዕቃ አብዛኛው ከቤቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ የተሠራ መሆኑን ያስተውላል። ቀን መቀመጫ ሌሊት መኝታ የሚሆነው መደብ ከግድግዳው ሥር በጭቃ የተገነባ ነው፤ እህል የሚከተትበት ጎታ ከጭቃና ከጭድ እዚያው ተበጅቶ እዚያው ስለሚደርቅ፣ ትልቁ በበር አይወጣም፤ ወፍጮውም በጭቃ መደብ ላይ ተተክሎ ይኖራል፤ ጋሻና ጦር፣ መጽሐፍም ያለው እንደ ሆነ ማኅደሩ፣ በግድግዳው በተሰካ የከብት ቀንድ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ባለቤቱ አገር ሲለቅ ይዞት የሚሄደው ጓዝ ጀንዲው፣ ምጣዱ፣ እንስራው፣ መሶቡ፣ ቅሉና ዋንጫው፣ ከጥቂት የእርሻ መሣሪያ ጋር ሲሆን፣ ይህ ሁሉ በአህያ ጀርባና በቤተ ሰቡ ትከሻ የሚያልቅ ነበረ።

ጥቂት በመሆኑም እያንዳንዱ ዕቃ ከአንድ በላይ አገልግሎት ነበረው። ጋቢው ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይከናነቡታል፤ ቁርበቱን ማታ ይተኙበታል፣ ቀን እህል ያሰጡበታል፤ ቅሉ ውሃ ይቀዳበታል፣ ወተት ይናጥበታል። ለሠርግና ለተዝካር አንድ ቤት ብቻውን የማይችለው ጋንና መሶብ ሲያስፈልግ ከጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፣ ድግሱም ሲያበቃ እየታጠበ ለየባለቤቱ ይመለሳል፤ ማኅበርተኞችም በየወሩ በተራ ሲዘክሩ፣ ጽዋው ራሱ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ለባለ ተራው ይሰጥ ነበር። የአንድ ሰው ባለጸግነት የሚለካው በከብቱና በርስቱ፣ በጎታውም ሙላት፣ ከዚያም ይልቅ በማዕዱ ዙሪያ በሚቀመጠው ሕዝብ ብዛት ስለ ነበረ፣ ለመታየት ብቻ ዕቃ የሚሰበስብ ባላገር እምብዛም አልነበረም። ዳሩ ግን ከዚህ ዕቃ ብዙውን በእጃቸው የሚያበጁት ሸክላ ሠሪዎች፣ አንጥረኞችና ፋቂዎች በብዙ አውራጃ ርስት ተነፍገው፣ ቡዳ እየተባሉ ከማዕድ ተለይተው መኖራቸው፣ አባቶቻችንን ስናመሰግን አብረን ልንናገረው የሚገባ በደል ነው።

በጥቂት ዕቃ መኖርን በፈቃድና በሥርዓት ያጸናው ገዳም ነው። አባ እንጦንስ በቤተ ክርስቲያን የተነበበውን ወንጌል ሰምቶ የወላጆቹን ርስት ትቶ ወደ በረሃ ከወጣ በኋላ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ጳኩሚስ የአንድነት ኑሮን ሥርዓት በግብጽ ሠራ፤ ሥርዓቱም ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን መነኮሳት ዘንድ ሲነበብ ኖረ። በአንድነት ገዳም መነኩሴው የእጁን ፍሬ ለማኅበሩ አግብቶ ከማኅበሩ ማዕድ ይመገባል፣ የእኔ የሚለው ጥሪት የለውም፤ በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ የራሱን ኑሮ ራሱ ያሰናዳል። የአቡነ አረጋዊ ገዳም ወደ ሆነችው ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገደሉ ላይ በተንጠለጠለ ጠፍር ስለ ሆነ፣ እህሉም ሆነ መጽሐፉ በገመድ ተስቦ ይወጣል።

ሮበርት ከርዘን የተባለው እንግሊዛዊ በ1820ዎቹ ዓ.ም. በግብጽ በረሃ፣ በገዳመ አስቄጥስ፣ በሶርያውያን ገዳም የሚኖሩትን የኢትዮጵያ መነኮሳት በጎበኘ ጊዜ፣ የብራና መጻሕፍታቸው በቆዳ ማኅደር ገብተው፣ ከግድግዳው በተሰኩት የእንጨት ችካሎች ላይ በጠፍር ተንጠልጥለው ስላያቸው፣ የመጻሕፍቱ አቀማመጥ እጅግ እንግዳ ሆኖበት ጽፎታል። ከአገራቸው በብዙ ወር መንገድ ርቀው ሳሉ እንኳ፣ እነዚያ አባቶች መጽሐፋቸውን ያኖሩት የባላገሩ ቤት ጋሻና ማኅደር በሚንጠለጠሉበት ልማድ ነበረ። የቆሎ ተማሪውም ከደበሎው፣ ከአኩፋዳውና ከበትሩ በቀር ዕቃ ሳይኖረው ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲዞር፣ ዜማውንና ቅኔውን በቃሉ ይዞት ይሄድ ነበር፤ ብራና ውድ በሆነበት አገር ይህ የማይሰረቅ ሀብቱ ነው።

ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ለብዙ ዘመን በድንኳን ይኖር ነበረ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሲቀመጥ፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ከቦታ ወደ ቦታ እየተነሣ ሲጓዝ አይቶ ጽፏል፤ በቀኝና በግራ የሚሰፍረው መኰንን፣ ዳኛው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው ሳይቀር የታወቀ ስፍራ ስለ ነበረው፣ ያ ታላቅ ሰፈር በሄደበት ሁሉ እንደ ቀድሞው ሆኖ ይተከል ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ግን በድንጋይ ግንብ ውስጥ መቀመጥ ተለመደ።

ይሁን እንጂ የጭሰኛው ቤት ባዶነት ሁሉ ከምናኔ እንደ መጣ አድርጎ መናገር ሐሰት ይሆናል። ጭሰኛው ከምርቱ ለባለ ርስቱ ይከፍል ነበር፤ ወታደር በአገሩ ሲያልፍ ያለውን ስለሚቀማው እህሉን በጕድጓድ ይቀብር ነበር፤ ጥሩ ዕቃ ማሳየቱም ጠላት መጥራት ይሆንበት ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በደረሰው ክፉ ቀን የከብት እልቂት በሬዎቹን በፈጀ ጊዜ፣ ሀብቱ በበረት ብቻ የነበረው ገበሬ የሚያርስበትም የሚሸጠውም አጥቶ ከነቤተ ሰቡ አለቀ። መነኩሴው የተወውን ይህ ሰው ተቀማ፤ ሁለቱ በአንድ ቁርበት ላይ ቢተኙም ኑሯቸው አንድ አልነበረም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ፣ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ የማገዶና የቤት እንጨት ችግሯን ስላቃለለላት፣ እንደ ቀደሙት ሰፈሮች ሳትነሣ ቀረች፤ በ1909 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስባትም ቆርቆሮው፣ የብረት አልጋው፣ ወንበሩና የሸክላ ሳህኑ ከጅቡቲ ወደብ በቀላሉ ይገባላት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥኑና ሶፋው ተከትለው መጡ፤ ቡፌውም በሳሎኑ ግንባር ቆሞ፣ ለእንግዳ ተብለው እንግዳ ሲመጣም የማይወጡ ብርጭቆዎችን መጠበቂያ ሆነ። ወደ ጠባብ የኮንዶሚኒየም ቤት የገባ ቤተ ሰብ ይህን ሁሉ ጓዝ የት እንደሚያኖረው ሲጨነቅ ሳይ፣ እጅግ የማዝነው መደቡ በመቅረቱ ሳይሆን፣ ዕቃ በጋራ የመያዝ ልማዳችን መፍትሔው መሆኑን ባለማስታወሳችን ነው፤ ዕድሮቻችን እኮ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ትልልቁን ብረት ድስትና ሳህኑን በመዋጮ ገዝተው በአንድ ግምጃ ቤት ያኖራሉ፣ ዕቃውም በኀዘን ጊዜ ለባለ ኀዘኑ ቤት ይሰጣል፣ ጉዳዩም ሲያበቃ ተቈጥሮ ይመለሳል፤ ይህንኑ አሠራር የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለመሰላሉ፣ ለመጋዙና ለድግሱ ጋን ቢያደርጉት የሚከለክላቸው አንዳች ሕግ የለም።