የ2000 ዓ.ም. ዲቪዲያችን እና የፓሪስ ተማሪዎች

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከ2000 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ልጆቼ አንዷ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ የስንብት ፕሮግራማችን የተቀረጸበት ዲቪዲ እርስዎ ጋ አለ ይባላል። ያ ግጥም ያነበበው ልጅ ባለፈው ዓመት አረፈ። እናቱ ድምፁን የሚሰሙበት ምንም ነገር የላቸውም» አለችኝ። ደነገጥኩ። ማረፉንም አልሰማሁም ነበር።

ዲቪዲው አለ፤ ማጫወቻው ነው የጠፋው። የልጄ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ስለዚህ አልጋ ሥር የከረመውን አሮጌ ኮምፒውተሬን ጎትቼ አወጣሁ፦ ፔንቲየም 4፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። አቧራውን ጠርጌ ብሰካው ተነሣ! ዲስኩን ሳስገባ ግን ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር «ዲኮደር የለም» ብሎ እምቢ አለኝ። ድሮ ዲቪዲ የማይበት ፕሮግራም ዊንዶውሱ እንደገና ሲጫን አብሮ ጠፍቷል።

የታሪክ መምህር ነኝና «ለምን?» ሳልል አላልፍም።

የዲቪዲ ምስል የሚታመቀው ኤምፔግ 2 በሚባል ዘዴ ነው። ዘዴው ውስጥ ያሉት ፈጠራዎች የብዙ ኩባንያዎች ፓተንት ነበሩ። ያንን የሚፈታ ፕሮግራም የሚሸጥ ሁሉ በእያንዳንዱ ቅጂ ክፍያ ይከፍል ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስፒን ሲያወጣ ይህን ዲኮደር አላካተተውም፤ ሰው ለብቻው ይግዛ ወይም ከዲቪዲ ማጫወቻው ጋር ይምጣለት ተባለ። እኛ አገር መቼም የሚገዛ አልነበረም። «ኮዴክ ፓክ» የሚባለውን ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ እንገለብጥ ነበር፣ ከነቫይረሱ። ታስታውሳላችሁ አይደል?

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ከፓሪስ በስተደቡብ ኤኮል ሳንትራል ፓሪ የሚባል የምሕንድስና ትምህርት ቤት ነበር። የግቢውን ኔትወርክ የሚያስተዳድሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ኔትወርኩ አሮጌና ቀርፋፋ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ጌም መጫወት ይፈልጋሉ። አዲስ ኔትወርክ ቢጠይቁ «ስፖንሰር ፈልጉ» ተባሉ። ስፖንሰር ደግሞ ምክንያት ይጠይቃል። እነሱም «ለእያንዳንዱ ተማሪ ዲሽ ከመትከል የሳተላይት ቴሌቪዥንን በኔትወርኩ እናሰራጭ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ሥራ ቪዲዮላን ተባለ። ቪዲዮውን ተቀብሎ የሚያሳየው ክፍል ቪኤልሲ ሆነ። ያ ብርቱካናማ የመንገድ ኮን ምልክቱስ? ተማሪዎቹ ከመንገድ የሰበሰቧቸው ኮኖች ማስታወሻ ነው። (እናንተ ይህን ብታደርጉ ኖሮ ወላጅ ነበር የማስጠራው!)

ትልቁ ቀን እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2001 ነው። ትምህርት ቤቱ ፕሮግራሙ በነፃ ፈቃድ እንዲለቀቅ ተስማማ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ ማየት፣ ማረም፣ ለሌላው ማሳለፍ ይችላል። ከሌሎች አገሮችም ሰዎች ገቡበት። ቪኤልሲ ዲኮደሮቹን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ ዊንዶውሱን «አለህ ወይ?» ብሎ አይለምንም። ፕሮጀክቱን ለዓመታት የመራው ዣን ባፕቲስት ኬምፕፍ ማስታወቂያ ለማስገባት የቀረበለትን በአሥር ሚሊዮኖች ዩሮ የሚቆጠር ገንዘብ እንዳልተቀበለ ተናግሯል።

አሁን ወደ እኔ ትግል ልመለስ፤ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ የኤክስፒው ብራውዘር የዛሬዎቹን ድረ ገጾች መክፈት አቃተው፤ የደኅንነት ቋንቋቸው ተቀይሯል። በልጄ ላፕቶፕ አውርጄ በፍላሽ አመጣሁት።

ሁለተኛ፣ ልጭነው ስል «ይህ የዊን32 ፕሮግራም አይደለም» የሚል መልእክት መጣ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ሁለቴ አወረድኩት። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ያወረድኩት ባለ 64 ቢት ነው፣ ኤክስፒዬ ደግሞ ባለ 32። ባለ 32 ቢቱን የቪኤልሲ 3.0 ዘር ሳመጣ ያለ ችግር ተጫነ። ኤክስፒው ሰርቪስ ፓክ 3 ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፤ ጥቁር ብቻ! ቱልስ፣ ከዚያ ፕረፈረንስስ፣ ከዚያ ቪዲዮ ውስጥ ገብቼ አውትፑት የሚለውን ወደ ዳይሬክትድሮው ቀየርኩት። ምስሉ መጣ። ዲስኩ ስለተጫረ ግን ይንተባተብ ነበር። ፋይሎቹን መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጬ ከዚያ ሳጫውተው ተስተካከለ።

ግጥሙን ሲያነብ አየሁት። ወረቀቱ በእጁ ይንቀጠቀጣል፣ እናንተ ከኋላ ትስቃላችሁ፣ እኔ ደግሞ ዝም በሉ እያልኩ እቆጣለሁ። ብቻዬን ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ።

ክፍል ውስጥ ስለ ዐድዋው የአባ ገሪማ ወንጌል ሳስተምራችሁ ብራናው ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ነግሬያችሁ ነበር። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ገልጦ ያነበዋል፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የእኛ ዲቪዲ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው «አልነበብም» አለኝ። ያኔ «ሰነድ ማለት የተጻፈ ነገር ነው» ብዬ ነበር ያስተማርኳችሁ። አሁን ብሆን ኖሮ «የሚያነበው መሣሪያም አብሮ ይቀመጥ» እል ነበር። ያን መሣሪያ ያቆዩልን ኮዱን ያልደበቁት የፓሪስ ልጆች ናቸው።

ቪዲዮውን ልጅቷ ለእናትየው አድርሳለች። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የቤተሰቡ ነው።

እናንተ ግን ቤታችሁ ያለውን የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ቪሲዲና ዲቪዲ ዘንድሮውኑ ገልብጡ፤ ዲስክም ያረጃል። ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። የቀረጸውም ልጅ ይህን ካነበበ ዋናው ካሴት እሱ ጋ ካለ ይጻፍልኝ፤ ከመዝሙሩ በኋላ ያለው ክፍል ዲቪዲው ላይ የለም።