የወሊድ መቀነስና ስደት፦ ከባሕር ዳር እስከ ዓረብ አገር

የወሊድ መጠን ማለት አንዲት ሴት በመውለጃ ዕድሜዋ በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2000 5.9 የነበረው በ2016 ወደ 3.7 ወርዷል። አዲስ አበባ ውስጥ 1.8 ደርሷል፤ ይህም አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 ያነሰ ነው።

ያም ሆኖ ከተሞቻችን እየሰፉ ነው። ባሕር ዳር በ1994 ቆጠራ 96,140 ነዋሪ ነበራት፤ በ2007 ከ155 ሺህ በላይ ሆነ። ሥራና ትምህርት ፍለጋ ከገጠር የሚመጣው ወጣት ለዚህ ዕድገት ትልቅ ድርሻ አለው።

በውጭው ዓለም መልኩ ይለያል። ደቡብ ኮሪያ በ2023 ወደ 0.72 ወርዳለች። ጡረተኛው በዝቶ ሠራተኛው ሲያንስ ግብር ከፋይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብዙ አገሮች የሰው ጉልበት ከውጭ ያስገባሉ። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ ሀብታቸው ብዙ፣ ዜጎቻቸው ጥቂት በመሆናቸው በስደተኛ ሠራተኛ ይንቀሳቀሳሉ። እህቶቻችን በብዛት የሚሄዱት ወደዚያ ነው።

የሚልኩት ገንዘብ ቤተሰብ ይደግፋል፤ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ግን አስተማማኝ አይደለም፦ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች።

ልጅ ሲያንስና ለሥራ የደረሰው ሲበዛ አገር የማደግ ዕድል ታገኛለች። ዕድሉ ግን ያልፋል፤ ወጣቱ ነገ ያረጃል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ከዓረብ አገር የተላከውን ብር ለድግስ ከማዋል ለታናናሾች ትምህርትና ለመነገጃ ማዋል አንዱ ሰበብ ነው።