በእግር የሚለካ ከተማ፦ በጁገል ውስጥ እንዴት ይኖር ነበር?



ስለ ሐረር ስንጽፍ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ስለ አሚሮቹና ስለ ጦርነቶቹ ነው። እሱን ማወቅ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በአንድ ግንብ ውስጥ ሲኖር የታሪኩ ትልቁ ክፍል ጦርነት ሊሆን አይችልም። ሰው ጠዋት ይነሳል፣ ይሰግዳል፣ ይሠራል፣ ይገበያያል፣ ልጅ ይድራል፣ ይሞታል። ዛሬ የምናወራው ስለዚህኛው ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

መጀመሪያ ካልኩሌተራችሁን አውጡ። ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ስፋቱ 48 ሄክታር ገደማ ነው። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጂዶች እንዳሉትና ከእነሱ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ መሆናቸውን ገልጿል። 102 የወሊዮች መቃብሮችንም ቆጥሯል (ስለ ዝያራ ያለውን ክርክር ዛሬ አናነሳውም፣ ሌላ ርዕስ ነው)። እንግዲህ 48ን ለ82 አካፍሉ። ለአንድ መስጂድ የሚደርሰው ቦታ ከ6,000 ካሬ ሜትር በታች ነው። ከአንድ የኳስ ሜዳ ያንሳል! በከተማው የትኛውም ቤት ብትወለዱ ወደ ሱብሒ ሰላት ለመድረስ የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው ማለት ነው። ሽማግሌ በምርኩዙ ይደርሳል፤ ሕፃን ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለሳል።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ «ምን ያህል ዲነኛ ቢሆኑ ነው!» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዲን ብቻ አይደለም። የሚናገረው ስለ አኗኗርም ነው። መስጂዶቹ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ለጁሙዓ ትልቁ ጃሚዕ መስጂድ አለ፤ ለአምስቱ ወቅት ግን የሰፈሩ መስጂድ ይበቃል። በሐረሪ ቋንቋ ሰፈሩ «ቶያ» ይባላል። በቶያው መስጂድ የሚሰግደው ሰው በቤቱ ይታወቃል፣ በአባቱ ይታወቃል። ሁለት ቀን ከቀረ ሦስተኛው ቀን ሳይደርስ በሩ ይንኳኳል። ትልቅ መስጂድ ብዙ ጥቅም አለው፤ የጎደለውን ሰው ማስተዋል ግን ይከብደዋል። እኛ በምናገለግልበት ከተማ ጀነዛ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ከሰጋጁ ግማሹ «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል። ሟቹ ለዓመታት ከጎናችን ሰፍ ላይ የቆመ ሰው ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንዲህ ተጠጋግቶ ኖረ? መልሱ ግንቡ ነው። ሐረር ከግንቡ በፊትም ነበረች። በ1520 ሱልጣን አቡበክር ኢብን ሙሐመድ የአዳልን መናገሻ ከደከር ወደ ሐረር አዛወሩ። ኢማም አሕመድ በ1543 ከወደቁ በኋላ ከተማዋ ዙሪያዋን በጠላት፣ በረሃብና በወረርሽኝ ተፈተነች። የኢማሙ የእህት ልጅ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ፣ የኢማሙን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራን ያገቡት፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ግንብ እንዳሠሩ የከተማው ታሪክ ይናገራል። በ1559 አፄ ገላውዴዎስ የወደቁበትን ጦርነት ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። ሐረሪዎች ግን ከዚያ ድል ይልቅ ይበልጥ የሚያስታውሷቸው በግንቡ ነው። የድሉ ጥቅም ብዙ አልቆየም፤ ድንጋዩ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ግንብ ሲሠራ ቦታ ያልቃል። የልጅ ልጅ ሲወለድ ቤት ወደ ጎን አይሰፋም። ስለዚህ ቤቶች ተደጋገፉ፣ ግድግዳ ተጋሩ፣ በመካከላቸው «ኡጋ» የሚባሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ቀሩ። ቁጥራቸው 368 ነው ይባላል። የተጫነ አህያ ሲመጣ ሰው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ቦታ ሞልቷል። ከሁሉ የጠበበው «የጠብና የእርቅ መንገድ» በሚል ትርጉም የሚጠራ ነው፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነካኩ ማለፍ አይችሉም፣ እናም ይታረቃሉ ይባላል። አስጎብኚዎች ይህን ሲያወሩ ቱሪስት ይስቃል። እኛ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይመስለንም። ተኳርፎ በመኪና መስኮት መተላለፍ ቀላል ነው፤ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ መኮራረፍ ግን ያደክማል።

የቀኑ ውሎ የሚጀምረው ከበሮቹ ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች አስማዲን በሪ (ሸዋ በር)፣ በድሪ በሪ (ቡዳ በር)፣ ሱቅጣጥ በሪ (ሰንጋ በር)፣ አርጎብ በሪ (ኤረር በር) እና አሱም በሪ (ፈላና በር) ይባላሉ። ሐረሪዎች የከተማ ሰዎች ቢሆኑም ከግንቡ ውጭ የቡና፣ የጫትና የፍራፍሬ እርሻ ነበራቸው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ባለ እርሻው ይወጣል፣ የኦሮሞው ገበሬ፣ አርጎባውና ሶማሌው ደግሞ እህሉን፣ ማገዶውን፣ ቅቤውን ይዞ ይገባል። የጦር መሣሪያ በር ላይ ይቀመጣል። ሲመሽ በሮቹ ይዘጋሉ፤ የዘገየ ሰው ውጭ ያድራል። ስለዚህ ገበያው ቋንቋ ብዙ ነበረው። አንዲት ነጋዴ በአንድ ጠዋት በሐረሪ ሰላምታ ሰጥታ፣ በኦሮምኛ ተከራክራ፣ በሶማሊኛ ሂሳብ ትዘጋለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ ልጇን በዐረብኛ አሊፍ ባ ታስቀራለች። ገበያውም፣ በሩም፣ ቤቱም በአንድ ጠዋት በእግር የሚዳረሱ ስለነበሩ ነው ይህ የተቻለው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ገብቶ አሥር ቀን በአሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር እንግድነት ቆይቷል። የከተማዋን ርዝመት አንድ ማይል፣ ወርዷን የዚያን ግማሽ ብሎ ገመተ፣ መንገዶቿ ጠባብና ቆሻሻ የሞላባቸው ናቸው ብሎም ጻፈ። ሰውየው ለከተማዋ ፍቅር አልነበረውም፤ ስለ ቆሻሻው ግን ዋሽቷል አንልም። ያላስተዋለው የማታውን ሥራ ነው። በግንቡ ሥር «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወራባ ጅብ ነው። ሌሊት ጅቦች በእነዚያ ይገቡና የተጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ በልተው ሳይነጋ ይወጣሉ። በዓሹራ ዕለት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ለእንግዳ የሚያስፈራው አውሬ ለጁገል ሰው የጽዳት ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። እንዲህ በተጨናነቀ ሰፈር ሐያእ እና የቤት ምስጢር እንዴት ይጠበቃል? ከኡጋው የሚታየው ረጅም የድንጋይ አጥርና የግቢ በር ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሥጋ ዘመድ የሆኑ ሁለት ሦስት ቤተሰቦች የሚጋሩት ግቢ አለ። የሐረሪ ቤት «ጌይ ጋር» ይባላል፣ የከተማ ቤት ማለት ነው። ውስጡ ወንበር የለም፤ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት «ነደባ» የሚባሉ መደቦች አሉ። በአሚር ነደባ ላይ የሚቀመጠው የቤቱ አባወራ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ገቢ ወጪውን ያያል። ጊዲር ነደባ የሰፊው ቤተሰብና የእንግዳ ነው። ሱትሪ ነደባ የተከለለ ነው። ስሙ ከ«ሲትር» ጋር እንደሚመሳሰል ዐረብኛ የቀራችሁ አስተውላችኋል። በጎን በኩል «ኪርታት» የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእሷ ያሳልፋሉ። መደቡና ወለሉ ቀይ አፈር ይቀባል፤ በጥር 1887 በጨለንቆ የወደቁትን ለማስታወስ ነው ይባላል። እንግዲህ ልጅ ቡና ሲጠጣ የሚቀመጥበት መደብ ራሱ የታሪክ መምህር ነው።

ቤቱ ማን የት እንደሚቀመጥ ያስተምራል፣ ቁርኣን ጌይ ፊደልና ቁርኣን ያስተምራል፣ ከቢሩ ኪታብ ያስቀራል፣ አፎቻ ደግሞ ሰው መሆንን ያስተምራል። አፎቻ ለእናንተ እድር ብንለው ይቀላል፤ ግን ከዚያ ይሰፋል። የሴቶች አፎቻ አለ፣ የወንዶችም አለ። ለሠርግም ለቀብርም ነው። ዘመድ ብቻ ወይም ጎረቤት ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም ያስተሳስራል። ገንዘብ ልኮ መቅረት አይቻልም፤ በአካል መገኘት ግዴታ ነው፣ የቀረ ይቀጣል። አንዲት የአፎቻ አባል በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶና አንድ ሠርግ ቢደርስባት ሦስቱንም የምትደርሰው በእግሯ ስለሆነ ነው። ይህን ሕግ ዛሬ ሰበታና ገላን ተበታትኖ ለሚኖር ቤተሰብ አውጡለት። በትራንስፖርት ወጪ ብቻ ይፈርሳል።

ታዲያ ይህ አኗኗር ምን ነካው? ከጦር ይልቅ የጎዳው ሌላ ነገር ነው ብለን እናምናለን። ግብፆች በ1875 ገብተው አሚር ሙሐመድን ገደሉ፣ በ1885 ወጡ፤ ከጨለንቆ በኋላ ደግሞ ከተማዋ በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባች። በሁለቱም ጊዜ ቶያው፣ መስጂዱና አፎቻው ቀጥለዋል። በ1902 ግን ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ተራራውን መውጣት ትቶ ሜዳ ላይ ቆመ። ቦታው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ እኛ የምናውቀው ድሬዳዋ ብለን ነው። የግመል ቅፍለት ሲቀር ነጋዴውም ተከትሎ ወረደ። በ1948 በደረሰው እስርና የንብረት መወረስ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ። በ1975 ደግሞ ደርግ የገጠር መሬትንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ከበሩ ውጭ የነበረው እርሻ ሄደ፣ ዘመድ የሚጋራው ግቢም በቀበሌ ተከራዮች ተከፋፈለ። አዲስ የገባው ተከራይ ጥፋት የለበትም፣ እሱም መኖሪያ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ግን ግንቡን ሳይነኩ ግቢውን ማፍረስ እንደሚቻል ያኔ ታየ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለከተማዋ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ደረቀ፣ ኡጋዎቹም በቢጫ ጀሪካን ተሞሉ። የድንጋይ ቤት በሲሚንቶ ሲጠገን መልኩ ይበላሻል፤ በባህሉ ልጠግን የሚል ደግሞ ባለሙያና ገንዘብ ያጥረዋል። ቅርስ ስለሆነ እንደልብ አፍርሶ መሥራትም አይፈቀድም። ስለዚህ ወጣቱ አግብቶ ከግንቡ ውጭ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች ቤት ቢሠራ አንፈርድበትም። የውርስ ቤት ለስድስት ወንድምና እህት ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ነደባ አይደርሰውም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ለኳስ ሜዳ ለማትሞላ ሰፈር የተሠራ መስጂድ ሰጋጆቹ በመኪና የሚመጡ ከሆኑ ማን ይሞላዋል? ሱብሒ ላይ ማን ይደርሳል? ከቢሩ የሚያስቀራቸው ልጆች ከየት ይመጣሉ? የቅርስ ምዝገባው ድንጋዩን ይጠብቅ ይሆናል። ሰፉን የሚሞላው ግን ነዋሪ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በ2023 የሹዋል ዒድ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ገብቷል። ከረመዳን ማግስት ስድስቱ የሸዋል ቀናት ተጾመው ሲያበቁ የሚከበረው ይህ በዓል ከድሬዳዋም ከአዲስ አበባም ከውጭ ሀገርም የሄዱትን ልጆች ይመልሳል። በእነዚያ ሌሊቶች ኡጋው እንደ ድሮው በእግረኛ ይጨናነቃል።

ለዚህ ወይም ለሌላ ጉዳይ ሐረር የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ለመኪና ተብሎ ኋላ በተከፈተው በር በባጃጅ ገብታችሁ ፈረስ መጋላ ላይ ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ። ከዐስር በኋላ በኤረር በር በእግር ግቡ፣ ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ለምታገኙት ሽማግሌ ሰላምታ ስጡ፣ መግሪብ ሲደርስ በቅርብ ባገኛችሁት ትንሽ መስጂድ ስገዱ። ሩቅ አይሆንም። ጫማችሁ ግን ድንጋይ የሚችል ይሁን።