ትልልቅ የባሕር ዓሣና ሜርኩሪ፦ ማን መጠንቀቅ አለበት?

የምትሠሪበት ቤት ዓሣ የሚበዛበት ከሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅምሻል። በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ጡት የምታጠቢ ከሆነ ወይም ሕፃናት የምትመግቢ ከሆነ።

መርዙ ከየት ይመጣል?

ሜርኩሪ ከድንጋይ ከሰል ጭስ፣ ከወርቅ ማውጫና ከአንዳንድ ፋብሪካዎች ወጥቶ ባሕር ይገባል። ኦክስጅን በሌለበት የባሕር ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል የባሰ መርዝ ይለውጡታል። ተራው ሜርኩሪ ቢዋጥ አብዛኛው ከሰውነት ይወጣል፤ ሜቲል ሜርኩሪ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ደም ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ይወስዱታል። ትንሹ ዓሣ እነሱን ይበላል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል። እንዲህ እየተጠራቀመ በትልልቅ አዳኝ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የሚገኘው መጠን ውኃው ውስጥ ካለው ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ሊበልጥ ይችላል።

ማጠብና መጥበስ ያጠፋዋል?

አያጠፋውም። ከሥጋው ጋር ስለተጣበቀ ብታጥቢው፣ ሎሚ ብታደርጊበት፣ ቆዳውን ብትገፊው ወይም ብትጠብሺው አይወጣም። ሽታም ጣዕምም የለውም።

ማንን ይጎዳል?

ከሁሉ በላይ ጽንስን፤ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜቲል ሜርኩሪ ባሕር ውስጥ ይለቅ ነበር። በሽታው የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ዓሣውን የበሉ አንዳንድ እናቶች ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ ልጆቻቸው የአንጎል ጉዳት ይዘው ተወለዱ።

ምን ላድርግ?

• ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕፃን ሻርክ (ጀርጁር) እና አቡ ሰይፍ አይብሉ። ትልቅ ከንዓድም ቢቀር ይሻላል።
• ሐሙር በሳምንት ከአንድ ጊዜ አይብለጥ።
• ሰርዲን፣ ሩቢያንና ቡልጢ (አገር ቤት ቆሮሶ የምንለው) ሜርኩሪያቸው ትንሽ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መብላት ይቻላል።
• ዓሣ ጨርሰሽ አትተዪ፤ ለጽንሱም ጥሩ ምግብ ነው።

ማዳም ጀርጁር ብትሰጥሽ «ይህን ዓሣ አልበላም» ማለት ይበቃል። ምክንያቱን መናገር ግድ የለብሽም።

ከዚህ በፊት በልተሽ ከሆነም አትደንግጪ። ችግሩ ቶሎ ቶሎ መብላቱ ነው እንጂ የአንድ ቀን ምሳ አይደለም። ካቆምሽ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ግማሹ ከሰውነትሽ ይወጣል። ብዙ ጊዜ በልተሽ እጅሽ ወይም የአፍሽ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ስትራመጂም ሚዛንሽን ከሳትሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። የትኛውን ዓሣ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደበላሽ ንገሪው።