ከዓይን ግምት እስከ እጅ ስልክ፦ የብርሃን መለኪያ ታሪክ ከቡሬ አንጻር ሲታይ

በፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መወሰን ይኖርበታል፤ አንደኛው ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ (አፐርቸር) ስፋት ሲሆን፣ ሁለተኛው መዝጊያው (ሸተር) ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለዚህ ውሳኔ የብርሃኑን መጠን የሚነግረው መሣሪያ የብርሃን መለኪያ (ላይት ሜትር) ይባላል። የመሣሪያው ታሪክ ሲመረመር ግን አስፈላጊነቱ ከብርሃኑ አስቸጋሪነት ይልቅ ፎቶው በተነሣበትና ስሕተቱ በሚታይበት ጊዜ መካከል ካለው ርቀት ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል፤ እንደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባሉ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች ደግሞ ይህ ርቀት ለረጅም ጊዜ ሰፊ ነበር።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ሲመጣ፣ በወቅቱ የሚሠራበት ዘዴ በመስታወት ላይ የተቀባው ኬሚካል ሳይደርቅ አንሥቶ እዚያው ድንኳን ውስጥ ማጠብን የሚጠይቅ ነበር። ዘዴው አድካሚ ቢሆንም፣ አንሺው ውጤቱን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያይ ምስሉ ቢጠቁር ወይም ቢነጣ ጊዜውን አስተካክሎ ወዲያው ይደግመዋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደረቅ መስታወት፣ ኋላም ፊልም፣ ማንሣትንና ማጠብን ሲለያይ ግን ይህ ዕድል ቀረ። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1890 ያወጣው መለኪያ ለዚህ ክፍተት መልስ ከሰጡት መካከል አንዱ ሲሆን፣ አሠራሩም ብርሃን የሚያጠቁረው ወረቀት ከናሙናው ቀለም ጋር እስኪመሳሰል የሚፈጀውን ጊዜ በመቁጠር ላይ የተመሠረተ ነበር።

በኢትዮጵያ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ በአብዛኛው በአርመናዊው በቤድሮስ ቦያጂያንና በልጆቹ እጅ ማደግ በጀመረበት ዘመን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ገና ገበያ ላይ አልዋለም ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የንግሥ በዓል ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በቀለም ያነሣው ሮበርት ሙር የተጠቀመበት ኦቶክሮም የተባለው መስታወት፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሰከንድ ያህል የሚፈልግ እጅግ ዘገምተኛ ነገር ነበር። ዌስተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ታዋቂውን መለኪያውን ያወጣው ከበዓሉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፤ በውስጡ ያለው ሰሌኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭና መርፌውን ስለሚያንቀሳቅስ ባትሪ አያስፈልገውም ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ጣሊያኖች በየካቲት ወር መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወጡ፤ ከዚያ ዘመቻ ከተረፉት ፎቶግራፎች መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መኮንኖቹ ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር በደምበጫ ምሽግ የሚታዩበት ምስል ዛሬ ለንደን በሚገኘው የኢምፔሪያል ጦር ሙዚየም ተቀምጧል። ዘማች ፎቶግራፍ አንሺ ፊልሙ የሚታጠበው ከቦታው ርቆ ስለሆነ፣ መለኪያ ቢይዝም ባይዝም ያበላሸውን የሚያውቀው ታሪኩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከርቀቱ ሌላ የአካባቢው ብርሃንም የራሱ ጠባይ አለው። ቡሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 ዲግሪ ጥቂት አልፋ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር አናት ላይ ትውላለች፤ የነሐሴውን የክረምት ደመና ሲሸፍነው የሚያዝያው ግን የዓይን ጉድጓድን በጥላ ይሞላል። ከዚህም በላይ መለኪያን የሚያታልለው ነጭ ልብስ ነው። ከዕቃው ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ጋቢ በለበሰ ገበሬ ላይ ቢደገን ጋቢውን ወደ ግራጫ አውርዶ የሰውየውን ጠይም ፊት ያጠቁረዋል። መፍትሔው ወደ ፊቱ ተጠግቶ መለካትና ፊቱ ከግራጫው የሚጠቁርበትን ያህል ከንባቡ ላይ ብርሃን መቀነስ፣ ወይም ነጭ ጉልላት ያለውን መለኪያ ከፊቱ አጠገብ ይዞ ወደ ካሜራው በማዞር በሰውየው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን መለካት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደ ፔንታክስ ስፖትማቲክ ያሉ ካሜራዎች በሌንሱ ውስጥ ያለፈውን ብርሃን መለካት ሲጀምሩ ለብቻው የሚያዘው መለኪያ የባለሙያ ዕቃ ሆነ፤ የቀለም ነጋቲቭም የተወሰነ የብርሃን ትርፍን ስለሚታገሥ ብዙ ሰው በፊልሙ ካርቶን ላይ በታተመው መመሪያ ይሠራ ነበር። የመመሪያው መነሻ ቀላል ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቀዳዳው f/16 ላይ ሲሆን የመዝጊያው ፍጥነት ከፊልሙ የአይሶ (የብርሃን ስሜት) ቁጥር ጋር ይቀራረባል፣ ማለትም ለ100 አይሶ ፊልም 1/125 ሰከንድ ይሆናል።

ዛሬ በድሮ ካሜራ የሚሠራ ሰው ምርጫ ከዚህ ታሪክ ይነሣል። አሮጌ የሰሌኒየም መለኪያ ባትሪ ባይፈልግም በዕድሜ ብዛት ይደክማል፤ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ የሚሠሩበት የሜርኩሪ ባትሪ ከምርት ወጥቷል፤ አዲስ የጎሰን ወይም የሴኮኒክ መለኪያ አስተማማኝ ቢሆንም ዋጋው ውድ ነው። የእጅ ስልክ መተግበሪያ በሁለት መንገድ ይለካል፤ በካሜራው በኩል የሚንጸባረቀውን ብርሃን፣ በአንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በማያ ገጹ በኩል ባለው ዳሳሽ የሚያርፈውን ብርሃን ያነባል፤ ዳሳሹ ግን ጉልላት ስለሌለውና ጥራቱ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ በቀትር ፀሐይ ከላይኛው መመሪያ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ለቀለም ነጋቲቭና ለቀን ብርሃን እንዲህ የተስተካከለ ስልክ ይበቃል፤ ግማሽ እርከን (ስቶፕ) ስሕተት ለማይታገሠው የስላይድ ፊልም፣ ለስቱዲዮ ፍላሽና ለማይደገም ሥነ ሥርዓት ግን ራሱን የቻለ መለኪያ ዋጋውን ያወጣል። ፊልሙ ለመታጠብ ሩቅ ከተማ በሚላክበት ቦታ ሁሉ፣ ከመሣሪያው ብራንድ ይልቅ ንባቡ አስቀድሞ መረጋገጡ ይበልጣል።