አልጋው ላይ ሁለት ሰው ነበር

«ሪያሊቲ ሾው» ሴቷን ዕቃ ያደርጋል፣ ወጣቱን ያበላሻል ይባላል። እውነትነት አለው። ሆኖም የጥፋቱ ግማሽ የሚሠራው ከስክሪኑ ወዲህ፣ በእኛ በተመልካቾቹ ሳሎን ነው ባይ ነኝ።

የምኖርባት ስዊድን ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም። ተወዳዳሪዎችን ደሴት ላይ አስፍሮ እርስ በርስ የሚያባርረውን «ኤክስፐዲሽን ሮቢንሰን» በ1997 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው የስዊድን የሕዝብ ቴሌቪዥን ነው። በ1999 ሆላንድ «ቢግ ብራዘር»ን ወለደች፤ በ2003 ነገሩ አፍሪካ ገባ። ካሜራ ሌት ተቀን የማይጠፋበት፣ ሴቶቹ ገላቸውን ሲታጠቡ ሳይቀር የሚታዩበት ቤት።

የዚያ ዓመት ግርግር መታወስ አለበት። የማላዊ ፓርላማ ስርጭቱ እንዲቆም ወሰነ፤ በኋላ ፍርድ ቤት ሻረው። የናሚቢያው ፕሬዚዳንት ሳም ኑጆማ የሀገራቸው ቴሌቪዥን ይህን ትቶ የናሚቢያን ታሪክ ያሳይ አሉ። ዛምቢያዊቷ ቼሪስ ማኩባሌ 100,000 ዶላሩን አሸንፋ ስትመለስ ግን መንግሥቷ የዲፕሎማት ፓስፖርት ሰጣት! ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ 300,000 ዶላር የወሰደችው የኑጆማ ሀገር ልጅ ዲሊሽ ማቲውስ ነበረች። ስድቡም ሽልማቱም ከአንድ ሐሳብ የተቀዳ ነው፤ ሴቷ ሰው ሳትሆን ባንዲራ ናት።

የእኛዋ ቤቲ የገባችው በዚሁ በ2013 ዙር ነው። መምህርት መሆኗ ተነግሮ ነበር። ከሲየራ ሊዮኑ ቦልት ጋር በካሜራ ፊት ተኛች ሲባል የተከተለውን አብዛኛው አንባቢ ያስታውሳል። ሀገር አዋረደች፣ ባህል አረከሰች፣ በሕግ ትጠየቅ ተባለ። አንዲት ወጣት በአንድ ሌሊት የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ጠባቂ ሆና ተገኘች። ቢምፕ የተባለ ኢትዮጵያዊ ወንድም እዚያው ቤት ነበር፤ እሱ የሀገር ስም እንዴት እንደያዘ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እዚህ ሃሉንዳ ወሬው የደረሰን በስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ቅንጫቢ ነው። አብዛኞቻችን ሙሉውን ፕሮግራም አላየንም፤ ፍርዱን ግን ቡና እየጠጣን፣ ልጆቻችን ፊት ሰጠን። እነዚሁ ልጆች ማታ ማታ የስዊድኑን «ፓራዳይዝ ሆቴል» ያዩ ነበር። እዚያም ጥንድ ያላገኘ ሻንጣውን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ሴቶቹ የሚመዘኑት በሰውነታቸው ነበር። ይህን አይቶ ቴሌቪዥን ያጠፋ ወላጅ አላውቅም። ለምን ቢባል፣ ፈረንጆች ናቸው፤ የእኛን ባንዲራ አልለበሱም።

በዚያ ሰሞን አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አባቷን «ልጁንስ ምን አላችሁት?» አለችው። «እሱ የእኛ ሰው አይደለም» ብሎ መለሰላት። ወንድሟ አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ሃሉንዳ፣ ስቶክሆልም